በሰው ንባብ

«...ደረጃው አሥራ ሦስት መሆኑን ሊያውቅ የሚችለው እዚያ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ብቻ ነው» አለች ፌራይ። «ስለዚህ እኔ የሚመስለኝ፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹን የሚጽፈው አራሚው አይደለም። እህትየዋ ናት። ሞታለች የተባለችው እህት።»

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወንበራቸውን ክብ አድርገው የተቀመጡት አሥራ አንድ ተማሪዎች መጀመሪያ ፌራይን፣ ቀጥለው መምህርት ፐሪሃንን አዩ። መምህርቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የመጽሐፉን ገጾች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያገላብጡ ጀመር። አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። ጣታቸውን አስገብተው ሌላ ገጽ ፈለጉ። ከዚያ መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉት።

«ይህን ልብ ወለድ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አሉ። «አራት ጊዜ! አንድም ጊዜ አልታየኝም።»

«አቦ ቀወጥሽው!» አለ ካያሃን ከወዲያ ማዶ። ካያሃን ማንንም አድንቆ የማያውቅ ልጅ ነው።

ፌራይ ሳቀች። ደስታው ከሆዷ ተነሥቶ እስከ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ዓይኗ ከእሷ ሁለት ወንበር ርቃ ወደተቀመጠችው ኢፔክ ሄደ። ኢፔክ አንገቷን ደፍታ አረንጓዴ እርሳስ በሁለት እጇ ይዛለች። አትጽፍም፤ ዝም ብላ ይዛዋለች። አንገቷ ቀልቷል።

ሐሳቡ የኢፔክ ነበር። አሥራ ሦስቱ ደረጃም፣ እህትየዋም፣ ሁሉም።

የዚያኑ ቀን ጠዋት በትራም ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ ነው የነገረቻት። ሁለቱ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ይመላለሳሉ። ኢፔክ ስትናገር ምላሷ ይያዛል፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ጭራሽ ይቆለፋል። ከፌራይ ጋር ብቻዋን ስትሆን ግን እየተያዘችም ቢሆን ትናገራለች፤ የዚያን ቀን ደግሞ ከደስታዋ ብዛት ሦስት ፌርማታ ሙሉ ሳታቆም ነበር ያወራችው። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በአራት ቀለም የሣለችውን ካርታ አሳየቻት። ሰማያዊው የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ የሚናገረው ነው፤ አረንጓዴው የግርጌ ማስታወሻው ነው፤ ቀዩ ሁለቱ የሚጣሉበት ቦታ ነው። ቢጫው ደግሞ ኢፔክ ገና ያልገባት ነው።

መጽሐፉ «ያልተመዘገበው ቤት» ይባላል። የአራት መቶ ገጽ እንቆቅልሽ ነው ማለት ይቻላል። አንካራ የመሬት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ እህቱ የሞተችበት ጸሐፊ፣ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ግን በቦታው የሌለ አንድ ቤት ይፈልጋል። ምዕራፍ ሦስት ሲያልቅ ምዕራፍ አሥራ አንድ ይመጣል። የመጽሐፉ አራሚ የጻፋቸው የሚመስሉት የግርጌ ማስታወሻዎች ከላይ የተጻፈውን «ውሸት ነው» ይላሉ። መምህርት ፐሪሃን በንባብ ክበቡ የመጀመሪያ ቀን «ይህ መጽሐፍ ቁጭ ብላችሁ የምትቀበሉት አይደለም፤ ተነሥታችሁ የምትፈልጉት ነው» ብለው ነበር።

ፌራይ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ነበር የቆመችው። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ እዚያው ገጽ ላይ ተሸንፋለች። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም። ፌራይ አፈ ጮሌ ናት፤ ክበቡ ውስጥ ሌሎቹ ከሚሉት ጥቂት ጥቂት እየለቀመች፣ እያሳመረች፣ ስድስት ሳምንት ዘልቃለች። የዛሬው ግን ልቅምቃሚ አልነበረም። መምህርቷ ድንገት «ፌራይ፣ ዛሬ ዝም አልሽ፤ ስለ ግርጌ ማስታወሻዎቹ ምን ታስቢያለሽ?» ሲሏት ባዶ ነበረች፤ ባዶውን የሞላው የጠዋቱ የኢፔክ ወሬ ሆነ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? «ኢፔክ እንዳለችው» ማለት ሁለት ቃል ነበር። እሷ ግን «እኔ የሚመስለኝ» አለች።

አሁንም ጊዜው አላለፈም ነበር። ልትናገር አፏን ከፈተች። መምህርቷ ቀደሟት።

«በግንቦት አንካራ ላይ የትምህርት ቤቶች የንባብ ጉባኤ አለ» አሉ፣ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ። «ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ስለ አንድ ልብ ወለድ ዐሥር ደቂቃ ይናገራል። ማንን እንደምልክ ጨንቆኝ ነበር። ተገላገልኩ!»

ሁሉም አጨበጨበ። ኢፔክም አጨበጨበች። ፌራይ ያንን ስታይ የተከፈተ አፏን ዘጋችው።

*

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ኢፔክ አልጠበቀቻትም። ፌራይ በፖርሱክ ወንዝ ላይ ካለው የእግረኛ ድልድይ ዘንድ ሮጣ ደረሰችባት።

«ኢፔክ፣ ስሚኝማ! ሳላስበው ነው። በአፌ መጣ።»

ኢፔክ መሄዷን አላቆመችም። «አ... አምሮብሽ ነበር» አለች።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«አይደለም። እኔ ብለው...» ቃሉ ያዛት። ፌራይ እንደ ልማዷ ልትሞላላት «እንዲህ አያምርም» ልትል ቃጣት። ኢፔክ እጇን አንሥታ አስቆመቻትና ራሷ ጨረሰችው። «እኔ ብለው ግማሹ ላይ ደ... ደወሉ ይደወል ነበር። አንቺ ስትይው ሁሉም ሰማው። ይኸው ነው።»

ብትሰድባት ይሻል ነበር። ፌራይ ለስድብ መልስ አታጣም። ድልድዩ ላይ ቆማ ቀረች። አንድ ሽማግሌ ለዳክዬዎች ዳቦ እየቆረሱ ይጥሉ ነበር። «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት «ምንም» ብላ ፊቷን አዞረች።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር። መምህርት ፐሪሃን ለእናቷ ደውለዋል። እናቷ ዙህረ፣ በሥጋ የተሞላ ስስ ቂጣ በዘይት እየጠበሱ ነበር፤ ይህ ምግብ በዚያ ቤት ያለ በዓል አይሠራም። አባቷ ሬምዚ የባቡር ፋብሪካ ቱታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የሻይ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው አጠገብ ደግሞ «ያልተመዘገበው ቤት» አለ። ከፌራይ ክፍል ወስደውት ነው።

«ፕሮፌሰሮች የሚያቅታቸውን መጽሐፍ ነው አሉ የፈታሽው» አሉ አባቷ። «እስቲ እኔም ልሞክረው ብዬ ነው።»

«ከባድ ነው፣ አባዬ።»

«ከባድ መሆኑን አየሁ። አሁን ገጽ ሰባት ላይ ነኝ።» ሳቁ። «ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ከዚህ በላይ አይሮጥም።»

አባቷ የሚያነቡት በማስመሪያ ነው። የብረት ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር ያደርጋሉ፤ መስመሩ ሲያልቅ ዝቅ ያደርጉታል። ፌራይ ትኩሱን ቂጣ እንደጎረሰች ማስመሪያው ከመስመር ወደ መስመር ሲወርድ ታይ ጀመር።

«ለምን አትበዪም?» አሉ እናቷ።

«ይፋጃል» አለች። እውነትም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

*

በማግስቱ ፌራይ ኢፔክን ከመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«ለቲቸር ልነግራት ነው» አለች። «ሁሉንም። ሐሳቡ የአንቺ እንደሆነ።»

ኢፔክ ፊቷ ወረቀት መሰለ። «እንዳትሞክሪ!»

«እንዴ? የአንቺ እኮ ነው!»

«ስሜን ከጠራሽ አንካራ የ... የሚያቆሙት እኔን ነው። ሁለት መቶ ሰው ፊት።» ኢፔክ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስድስተኛ ክፍል ግጥሙን ሳነብ ምን እንደሆነ ረሳሽው?»

ፌራይ አልረሳችውም። የሚያዝያ ሃያ ሦስት የልጆች በዓል ነበር። ኢፔክ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተያዘች፤ ከኋላ የነበሩ ልጆች ቃሉ እስኪወጣላት ድረስ እንደ ዘፈን በጭብጨባ አጀቧት። ከዚያ ወዲህ ኢፔክ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም።

«እሺ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ፌራይ። «ንገሪኝ፤ ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

«እሱን አንቺ ፈልጊው» አለች ኢፔክ። «የ... የሰረቅሁት እኔ አይደለሁም።»

ቃሉን አንዳቸውም እስከዚያ ሰዓት አልተናገሩትም ነበር። ኢፔክ ራሷም የደነገጠች መሰለች። ግን አልመለሰችውም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ትራም ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ፣ አሮጊት አጠገብ ተቀመጠች። ፌራይ ቆማ ሄደች።

ዓርብ ማታ ፌራይ አንድ ዘዴ መጣላት። ካነበበችው፣ እስከ መጨረሻው ካነበበችው፣ ያኔ የተናገረችው ነገር የእሷም ይሆናል። ማን ያውቃል፤ ኢፔክ ያላየችውን ሌላ ነገር ታገኝ ይሆናል፤ አንካራ ላይ እሱን ትናገራለች፤ ዕዳው ይቃለላል። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ቅጂ ተውሳ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀመረች።

በዚህ ጊዜ ገጽ ሠላሳ አንድን አለፈችው። እንዴት እንዳለፈችው አላወቀችም፤ ምናልባት ለማውራት ሳይሆን ለመፈለግ ስላነበበች ይሆናል። ገጽ ሃምሳ ስምንት ላይ ጸሐፊው በልጅነቱ የወጣባቸውን ደረጃዎች ይቆጥራል፤ «አሥራ አራት ነበሩ» ይላል። በቃ፣ አንድ መስመር። ቀጥሎ ስለ ዝናብ ያወራል። ፌራይ የምታውቀው ነገር ባይሆን ኖሮ ያንን መስመር ሳታየው ታልፈው ነበር። አሥራ ሦስት የሚለውን ማስታወሻ ፍለጋ ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረች። ቅዳሜ አላገኘችውም። እሑድ ከቁርስ በኋላ ገጽ ሦስት መቶ አንድ ላይ አገኘችው፤ ስለ ቀረጥ በሚያወራ አሰልቺ ምዕራፍ ሥር፣ በደቂቅ ፊደል፦ «አሥራ ሦስት። አንደኛው በዚያ ክረምት ተሰብሮ ነበር።»

በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ አርባ ሦስት ገጽ አለ። ኢፔክ ያንን አንድ መስመር በልቧ ይዛ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛለች። ማንም ደረጃ ቁጠሪ አላላትም። ስንት ቀን ፈጅቶባት ይሆን? ስንት እርሳስ ጨርሳ ይሆን? ፌራይ ያን ሁሉ ነገር የወሰደችው በሦስት ፌርማታ ነው።

ማንበቧ የሚያቀልላት መስሏት ነበር። ይኸው ጭራሽ ከበዳት።

«ፌራይ» አሉ አባቷ ከወዲያ ማዶ። የእሳቸው ማስመሪያ ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ ደርሷል። «ይሄ ጸሐፊ... ይዋሻል ልበል?»

ቀና አለች።

«ሆን ብሎ አይመስለኝም» አሉ አባቷ ጢማቸውን እያሻሹ። «አንድ የሚያፍርበት ነገር አለው። እዚያ ነገር አጠገብ ሲደርስ ወሬ ይለውጣል፤ ስለ ዝናብ ምናምን ያወራል። የፋብሪካችን ኃላፊም እንደዚያው ነው፤ ስለተሰበረው ማሽን ስትጠይቂው ስለ እግር ኳስ ያወራልሻል።»

«ልንገርህ እንዴ፣ አባዬ? እህቱ...»

«ተይ ተይ!» እጃቸውን አወናጨፉ። «እንዳትነግሪኝ! አንቺ ራስሽ ደርሰሽበት የለ? እኔም ራሴ ልድረስበት እንጂ።»

ፌራይ ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ ውኃው ሲፈስ ቆማ አየችው። መስታወቱን ቀና ብላ አላየችም።

*

ማክሰኞ የንባብ ክበቡ ቀን ነው። መምህርት ፐሪሃን ስለ አንካራው ጉዞ ሊናገሩ ወረቀት ሲያወጡ ፌራይ ተነሥታ ቆመች። ክበቡ ውስጥ ማንም ቆሞ አይናገርም፤ ስለዚህ ሁሉም ቀና ብሎ አያት።

«ባለፈው ስለ ደረጃው የተናገርኩት የእኔ ሐሳብ አልነበረም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል። «ከሌላ ሰው የወሰድኩት ነው። መጽሐፉንም ያን ቀን አላነበብኩትም ነበር። ሠላሳ አንድ ገጽ ብቻ ነበር ያነበብኩት። አንካራ መሄድ አልችልም።»

አንዱ ወንበር ተንቋቋ። ካያሃን በፉጨት ትንፋሹን አወጣ። «ከኢንተርኔት ነው አይደል? ብዬ ነበር እኮ! ቲቸርንም ሸወደቻት!»

ጥቂቶች ሳቁ። ፌራይ ወደ ኢፔክ አላየችም። ዓይኗን ወደዚያ ከላከች ሁሉም እንደሚገባው ታውቃለች። ስለዚህ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

«ከየት ነው የወሰድሽው?» አሉ መምህርቷ። ፊታቸው ላይ የባለፈው ብርሃን አልነበረም። ቁጣም አልነበረም፤ አንድ ነገር ግን ተዘግቷል።

«መናገር አልችልም፣ ቲቸር።»

«አትችዪም ወይስ አትፈልጊም?»

«የእኔ አይደለማ። የማልናገረው የእኔ ስላልሆነ ነው።»

ካያሃን እንደገና ሳቀ። «ሌባ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ሆነች!»

«ካያሃን፣ ይበቃል» አሉ መምህርቷ። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ተቀመጪ ፌራይ። በኋላ እንነጋገራለን።»

ተቀመጠች። ቀሪው አርባ ደቂቃ ስለ ምዕራፍ ዘጠኝ ተወራ። ፌራይ ስለ ምዕራፍ ዘጠኝ የምትለው ነገር ነበራት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ የሆነ፣ ትንሽ፣ ምናልባትም ስሕተት የሆነ ነገር። ግን ዛሬ ማን ይሰማታል? አንገቷን ደፍታ ደወሉን ጠበቀች። ጆሮዋ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደጋለ ነበር።

ትራም ውስጥ ኢፔክ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ትራሙ ሁለት ፌርማታ አለፈ።

«ከኢንተርኔት ነው ብለው አ... አመኑ» አለች ኢፔክ።

«እመኑ።»

«ስሜን ያልጠራሽው ለምንድን ነው?»

«አትጥሪ አልሽኛ።» ፌራይ የቦርሳዋን ማሰሪያ ትፈትልና ትፈታ ነበር። «አንዴ ያለ ፈቃድሽ ተናግሬልሻለሁ። ይበቃል።»

«ለቲቸር በጽሑፍ እሰጣታለሁ» አለች ኢፔክ። «ካርታውንም። ግን በራሴ ጊዜ። ዛሬ አይደለም፤ ነገም ላይሆን ይችላል።»

«እሺ።»

«ደግሞ ገና ተ... ተናድጄብሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለች ኢፔክ። ቤቷ ጋ ከመድረሷ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወረደች። በመስኮቱ ወደ ኋላ ስትቀር ለፌራይ ትታያት ነበር፤ እጇን አላውለበለበችም፤ ፊቷንም አላዞረችም።

ቤቱ ውስጥ የሳሙና ሽታ ነበር። እናቷ መሬቱን ወልውለው፣ እግራቸውን ሶፋው ላይ አጣጥፈው ስልክ ያወራሉ። ቡርሳ ከተማ ካለችው ከአክስቷ ከሴቪም ጋር ነበር፤ ገና ከበሩ ድምፃቸው ይሰማል።

«...አዎ፣ አንካራ! በፈጣኑ ባቡር! መምህርቷ ራሷ ናት የደወለችልኝ። ሃያ ዓመት ስታስተምር እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም አለችኝ እኮ...» መምህርት ፐሪሃን ይህን እንዳላሉ ፌራይ ታውቃለች፤ የእናት ምላስ ነው የጨመረበት። «ይኸው መጣች! ነይ ልጄ፣ አክስትሽ እንኳን ደስ ያለሽ ልትልሽ ነው። ስለ መጽሐፉም ትንገረኝ ትላለች።»

አባቷ ከጠረጴዛው ዘንድ ማስመሪያቸውን ገጹ ላይ አሳርፈው ፈገግ አሉ።

ፌራይ ጫማዋን አወለቀች። ስልኩ በእናቷ እጅ ወደ እሷ ተዘርግቷል፤ የአክስቷ ሳቅ ከውስጡ በቀጭኑ ይሰማል። እጇን እንዳልታጠበች ማሳበብ ትችል ነበር፤ ራሴን አሞኛል ማለትም ትችል ነበር።

ተቀበለችው። ወደ ክፍሏ አልገባችም። እናቷና አባቷ በሚሰሙበት፣ ሳሎኑ መካከል ቆመች።

«አክስቴ» አለች፣ «ገና እንኳን ደስ ያለሽ አትበዪኝ። መጀመሪያ የምነግርሽ ነገር አለ።»